ፊታችሁን ወደ ሰው አዙሩ

ልጄን ሰው ይገድልብኛል እያልኩ ስፈራ ነው የኖርኩት። መንገድ ሲሻገር መኪና ይታየኛል፤ ካመሸ ቢላዋ ይታየኛል፤ ሥራ ሲገባ ማሽን ይታየኛል። ስልኬ ባልታሰበ ሰዓት ከጮኸ መጀመሪያ ጫማዬን አጥልቄ ነው የማነሳው፤ ወዴት እንደሆነ ባላውቅም መሮጤ አይቀርም ብዬ። እሱ ራሱ ሰው ይገድላል የሚለው ፍርሃት ግን በሐሳቤም መጥቶ አያውቅም ነበር፤ ጭራሮ እስከሞተበት ሳምንት ድረስ።

ጭራሮ የልጄ የልብ ጓደኛ ነበር። ሁለቱም እኔ ጸሐፊ በሆንኩበት የቆርቆሮ ፋብሪካ፣ ፕሬስ ክፍል ነበር የሚሠሩት። ፕሬስ የምንለው ቆርቆሮውን ከላይ ተጭኖ ቅርጽ የሚያወጣውን ትልቅ ማሽን ነው። ልጁ ከሲታ ስለነበር ነው ጭራሮ ያሉት፤ ነፋስ ሲነሳ ኪስህ ውስጥ ብሎን ጨምር እያሉ ይቀልዱበት ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ መዶሻ ይባላል። ድምፁ ከማሽኑ በላይ ይሰማል፤ እጁም ከምላሱ አይዘገይም። ልጄን ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው። ልጄም አባት እንደሌለው ልጅ ሆኖ፣ በእርግጥም የለውም፣ ጋሼ ጋሼ እያለ ከሥሩ አይጠፋም ነበር።

መዶሻ አንድ ቀን ጭራሮን ሥራ አጓተትክ ብሎ በሰው ፊት በጥፊ አጮለው። በማግሥቱ ማሽኑ ውስጥ ቆርቆሮ ተቀረቀረ። ጭራሮ ማሽኑን ሳያጠፋ ሊያስለቅቀው ጎንበስ አለ፤ ፕሬሱም ወረደበት። ክንዱንና ደረቱን ነው የያዘው። ከሥሩ ስቦ ያወጣው ልጄ ነበር።

የዚያን ቀን ቤት ሲገባ ታጥቦ ነበር፤ ጥፍሮቹ ሥር የገባው ደም ግን አልለቀቀም። አላለቀሰም፤ የሰጠሁትን ምግብ እያየ ተቀመጠ። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በጥፊ ባይለው ኖሮ እጁን አያስገባም ነበር፣ እማ። ፈርቶ ነው የቸኮለው።»

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እሱ ፊቱን ሲታጠብ ቦርሳውን መበርበር ጀመርኩ። ለሁለት ቀን ምሳ ዕቃውና ጓንቱ ብቻ ነበሩ። ቀጥሎ ግን በጨርቅ የተጠቀለለ ሞረድ አገኘሁ፤ ጫፉ እንደ ጩቤ ተስሎ። ለሥራ ነው አለኝ። ለየትኛው ሥራ ብዬ ስጠይቀው ፊቱን መታጠቡን ቀጠለ። ሞረዱን ወስጄ የውኃ በርሜላችን ውስጥ ጣልኩት፤ ከዚያ በኋላ ከበርሜሉ ውኃ በቀዳሁ ቁጥር የብረቱ ሽታ እጄ ላይ የሚቀር ይመስለኝ ነበር።

አሁን ስለ ስላይዱ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነውና።

ሥራ አስኪያጁ የክፍል ኃላፊዎች በየሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ ከወረቀት ማንበባቸውን ትተው ሥራቸውን ከኮምፒዩተር ግድግዳ ላይ በሚበራ ስላይድ እንዲያሳዩ አዞ ነበር። የኮምፒዩተር አጭር ሥልጠና የወሰድኩት እኔ ስለነበርኩ ማስተማሩ እኔ ላይ ወደቀ። በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰብኳቸው። እሳትና ብረት የማይፈሩ ሰዎች ማውሱን ሊፈነዳ እንደሚችል ነገር በሁለት ጣት ይዘው ሲያልባቸው ማየት ያስቃል። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ የሦስት ወር ሪፖርቱን በአንድ ስላይድ ላይ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ጠቅጥቆ መጣ። ሰው ወይ ያነባል ወይ ይሰማል፣ ሁለቱን ባንዴ አይችልም አልኩት። ቃል ቀንሱ፣ ሥዕሉን ትልቅ አድርጉ፣ ጀርባችሁን ለሰው ሰጥታችሁ ከግድግዳው ላይ አታንብቡ አልኳቸው። ደጋግሜ የነገርኳቸው ይህን ነበር፦ ፊታችሁን ወደ ሰው አዙሩ፤ ግድግዳው አይሸሽም፣ የሚሸሸው ሰው ነው። ጊዜ እንዳይፈጅባቸውም አዲስ ስላይድ ከባዶ አትጀምሩ፣ የቀድሞውን ቅዱና ጽሑፉንና ፎቶውን ለውጡ አልኳቸው።

መዶሻ የሚንቀሳቀስ ነገር ይወድ ነበር። ፊደሉ ካልተሽከረከረ፣ ሥዕሉ ካልዘለለ ስላይድ አይመስለውም። ተው፣ ሰው ዝላዩን እያየ ነገሩን ይረሳዋል ብለውም አልሰማኝም። ባለፈው ስብሰባ ላይ ልጄን የክፍሉ ምርጥ ሠራተኛ ብሎ ሲያቀርበው የልጄ ፎቶ ከላይ ወድቆ እንደ ኳስ ነጠረ፤ ከድምፅ ማጉያውም ጭብጨባ ተለቀቀ። ጭብጨባው አጭር ነው ብሎ፣ እስኪያጠፉት ድረስ እንዲደጋገም አድርጎት ነበር። አዳራሹ በሳቅ ተንጫጫ፤ ልጄም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አጠገቡ የተቀመጠው ጭራሮ ወንበሩ ላይ ቆሞ ያፏጭ ነበር። የዚያን ቀን ብቻ ምንም ክፉ ነገር አልታየኝም።

ጭራሮ ከተቀበረ በኋላ የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። ጠዋት መዶሻ ላፕቶፑን ተሸክሞ ቢሮዬ መጣ። ጢሙን አልተላጨም፤ ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎታል። ለልጁ ማስታወሻ የሚሆን አንድ ስላይድ ሠርቼያለሁ፣ ፊደሉን እይልኝ አለኝ። አየሁት፤ የጭራሮ ፎቶ፣ ከሥሩም «አንረሳህም» የሚል ነው። ፊደሉ ደህና ነው፣ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴ አስኪደውና እየው አልኩት።

«እዚያ ላይ ተልቆ ፊቱን ማየት አልችልም፣ እህቴ» አለኝ። «አንቺ ራስሽ ፊታችሁን ወደ ሰው አዙሩ ብለሽ የለ? እሱን ነው የማደርገው። ሰው ይየው፤ እኔ አላየውም።»

ላፕቶፑን አጥፎ ወጣ። እኔ ግን በመስኮት ልጄን እያየሁ ነበር። ግቢው ውስጥ ከፕሬስ ክፍል ልጆች ጋር ቆሟል፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል። ድንቡሼ የሚሉት ሞልቃቃ የመሰለ ወፍራም ልጅ እንኳ፣ ሳይቀልድ መዋል የማይችለው፣ መሬት መሬት ያያል። ሮጬ ወርጄ ልጄን ዛሬ አሞኛል ብለህ ቤት ግባ አልኩት። መዶሻ ጓደኛዬን እንዴት አድርጎ እንደሚጠራው መስማት እፈልጋለሁ አለኝና እጄን ከክንዱ ላይ ቀስ ብሎ አወረደው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የፕሬስ ክፍል ልጆች ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከመድረኩ ጎን፣ ከላፕቶፑ አጠገብ ነኝ። መዶሻ ወጣ። የምርት ሥዕሉን አሳየ፣ ቃል አላበዛም፣ አንዴም ወደ ኋላው አልዞረም። እንደ እሱ ያስተማርኩትን በደንብ የተከተለ ሰው አልነበረም። ከዚያ ድምፁ ወረደ።

«አሁን አንድ ልጃችን አለ» አለና በእጁ የያዘውን የስላይድ ማዞሪያ ተጫነ።

የጭራሮ ፊት ከላይ ወደቀ። መሬት ነክቶ ነጠረ፤ እንደገና ወደቀ፤ ነጠረ። ከድምፅ ማጉያው ጭብጨባ ፈነዳ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። መዶሻ የልጄን ስላይድ ቀድቶ ፎቶውን ብቻ ለውጧል። ዝላዩም ጭብጨባውም ከፎቶው ቦታ ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል። ከኔ በቀር ይህን የተረዳ ሰው በዚያ አዳራሽ አልነበረም። መዶሻም አልተረዳም፤ ፊቱ ወደ ሰው ነውና ከኋላው የሆነውን አላየም። ጭብጨባ ሰማ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ራሱን ነቀነቀና እሱም አብሮ ማጨብጨብ ጀመረ።

ልጄ እንዴት መድረኩ ላይ እንደደረሰ አላየሁም። ያየሁት የብረት ወንበሩን ከራሱ በላይ አንስቶ ነው። የመጀመሪያውን ምት መዶሻ በክንዱ ተቀበለው፤ ክንዱም ከክርኑ በታች እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው ፊቱ ላይ አረፈ። ከመድረኩ ወደቀ፤ ልጄም ላዩ ላይ ወደቀበት። በቡጢ ይመታዋል፤ ከፍ አድርጎ፣ ሳይቸኩል፣ ብረት እንደሚቀጠቅጥ ሰው። ድንቡሼና ሌሎቹ ደረሱና በጫማቸው የጎድን አጥንቱን ይረግጡት ጀመር። የሒሳብ ሠራተኛዋ ልታስጥል ገብታ ከንፈሯ ተተረተረ። ከላይ የጭራሮ ፊት ይስቃል፤ ጭብጨባው ያልቅና እንደገና ይጀምራል። ከያንዳንዱ ምት በኋላ የሚያጨበጭቡለት ይመስል ነበር።

ላፕቶፑን ከገመዱ ነቅዬ አጠፍኩት። ጭብጨባው ቆመ፤ ዱላው ግን አልቆመም፤ አሁን የሥጋው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ልጄን በስሙ ጠራሁት፤ አልሰማኝም። አንገቱን ከኋላ አቀፍኩት፤ ማን እንደያዘው ሳያይ በክርኑ መታኝና ጥርሴ ምላሴ ውስጥ ገባ። ጥበቃው ወፍራም ዱላውን ይዞ ደረሰ። በድንቡሼ ትከሻ ላይ አሳርፎ መንገድ ከፈተና መዶሻን በአንገትጌው ጎተተው። እኔ እግሩን ያዝኩ። በጎን በር አውጥተን ቢሮዬ ውስጥ አስገባነው። ጥበቃው ፖሊስ ልጥራ ብሎ ወጣ፤ እኔ ከውስጥ ቆለፍኩ። ላፕቶፑ ብብቴ ሥር እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው።

መዶሻ ከመደርደሪያው ሥር ወለሉ ላይ ተዘረጋ። አንድ ዓይኑ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለበት ቦታ ላይ የሚንተከተክ ደም ብቻ ነው። መስኮቱን የምወለውልበትን ጨርቅ ጫንኩበት። በደህናው ዓይኑ አየኝ።

«ምን አደረግሁ?» አለኝ። «ምን ብዬ ነው፣ እህቴ?»

ጨርቁን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩለት። በሩ ከውጭ ተመታ። የቢሮዬ በር ከወገብ በላይ መስታወት ነው። የመጀመሪያው የብረት ዘንግ መስታወቱን ፀጉሬ ላይ አራገፈው። በቀዳዳው የልጄ ፊት ታየኝ። እኔ የወለድኩት ፊት ነው፤ ግን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከኋላው ድንቡሼና ሌሎቹ ዘንግ ይዘው ይጋፋሉ። በሕይወት እንዳይወጣ እያሉ ይጮኻሉ፤ አንዱ ፕሬሱ ሥር እናስተኛው ይላል።

«እማ፣ ውጪ» አለኝ ልጄ። «አንቺን አልነካም። ውጪ።»

እጁን በተሰበረው መስታወት አሾልኮ ቁልፉን ይፈልግ ጀመር። ክንዱ እየተቆረጠ ነው፤ አልተሰማውም። በሩን በጀርባዬ ብይዘው ከቶም እንደማልችለው አወቅሁ። ምን ያህል እንደሚበረታ አውቃለሁ፤ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

አንተ ብቻ ግባ አልኩት። ብቻህን ከገባህ ከመንገድህ እወጣለሁ። ሌሎቹ እግራቸውን ካስገቡ ግን ላዩ ላይ ነው የምተኛው፤ መጀመሪያ እኔን ትመታለህ። ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው። ቁልፉን አዞርኩለት፤ ገባ፤ መልሼ ቆለፍኩ። ዘንጉን እንደያዘ መዶሻን ተሻገረው፤ አንድ እግሩ እዚህ፣ አንድ እግሩ እዚያ።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩት። እጄ በደም ረጥቦ ማውሱ ያንሸራትተኛል። የጭራሮን ስላይድ አወጣሁ። ፎቶውን ለውጥ የሚለውን ነካሁና ከፋይሎቹ መካከል የልጄን ፎቶ መረጥኩ።

«ይህን አንዴ እይና እንደፈለግህ አድርግ» አልኩት። «ፎቶውን ብቻ ነው የለወጥኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

ቁልፉን ተጫንኩ።

የልጄ ፊት ከላይ ወደቀ። ነጠረ። እንደገና ወደቀ። ከሥሩ «አንረሳህም» ይላል። ጭብጨባው በላፕቶፑ ቀጭን ድምፅ ተነሳ፤ አለቀና እንደገና ጀመረ። ይህን ያደረግሁት እሱ እንዲያይ ነበር፤ ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ነገር ከነፎቶው፣ ከነጽሑፉ ፊቴ ተዘረጋ። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ልጄ ስላይዱን አየ። የራሱ ስላይድ ነው፤ አወቀው። ቢጫው ጀርባ፣ ዝላዩ፣ እስኪያጠፉት የማያልቀው ጭብጨባ። ጭራሮ ወንበር ላይ ቆሞ ያፏጨበት ቀን ትዝ እንዳለው ከፊቱ አየሁ።

«እሺ እሱስ?» አለ። ዘንጉን አላወረደም። «እሱ ራሱ ለምን አጨበጨበ? በሬሳ ላይ ለምን አጨበጨበ?»

መዶሻ ከወለሉ መለሰለት። አፉ ውስጥ ጥርሱ ስለሚንቀሳቀስ ቃሉ ይጎተታል።

«ሰው ያጨበጨበለት መሰለኝ» አለ። «ጥሩ ልጅ ስለነበረ የተነሡለት መሰለኝ።»

ልጄ ዘንጉን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቆመ። ጭብጨባው አለቀ፤ ጀመረ። ከውጭ ድንቡሼ ጨርሰው ይላል። ከዚያ ዘንጉ ከእጁ ወጥቶ የመዶሻ ራስ አጠገብ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጄ ተንበረከከ። የሚያደርገው ጠፍቶት በተቆረጠ እጁ የመዶሻን ተዛንፎ የተቆለፈ ሸሚዝ ያስተካክል ጀመር።

«ጋሼ» አለ። «ጋሼ፣ ዓይንህ።»

ያን ጊዜ በሩ ከማጠፊያው ተነቀለ። ድንቡሼ ገባና ማንንም ሳያይ የተኛው ሰው ላይ ሰነዘረ። ልጄ በላዩ ተደፋ፤ ዘንጉ የልጄን ትከሻ አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ድንቡሼ ማንን እንደመታ ሲያይ ዘንጉን ትቶ ጉንጩን ያዘ፤ እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ ቀረ። ሌላው ከኋላው ሊገባ ሲል ልጄ በደህናው እጁ ወንበሬን ወርውሮ አፍንጫውን አደማው። በስህተት ነው፣ የኔን ስላይድ ነው የቀዳው፣ የኔን ነው እያለ ይጮህባቸዋል። ምን እንደሚል አንዳቸውም አልገባቸውም፤ ግን እሱን ረግጦ ለማለፍ የደፈረ አልነበረም። ፖሊሶች ሲደርሱ አሁንም መዶሻን በሰውነቱ ሸፍኖት ነበር። መጀመሪያ የደበደቡት እሱን ነው፤ በሰው ላይ ተደፍቶ ስላዩት ገዳዩ መሰላቸው። አልተሳሳቱም ማለትም ይቻላል።

መርማሪው ከጥቂት ቀን በኋላ አስጠራኝ። ደግ ሰው ነው፤ ውኃ አስመጣልኝ። የሟችን ፎቶ ሆን ብሎ ለመሳለቅ እንደዚያ አድርጎት ከሆነ የልጅሽ ነገር ይቀልላል አለኝ። አንቺ ነሽ ያስተማርሻቸው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ በስህተት ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከቢሮው ውጭ ጭራሮን የሚወዱ ሰዎች ቆመው ነበር፤ መዶሻ የተኛበት ሆስፒታል የት እንደሆነ ሲጠያየቁ ስገባ ሰምቻለሁ። አይሆንም ብል ለልጄ ነገሩ ይቀልለታል፤ ያ ዓይኑ የጠፋ ሰው ግን አልጋው ላይ ይታረዳል። ይሆናል ብል ልጄ ጥፋት የሌለበትን ሰው የደበደበ ይሆናል። ውኃውን ጠጣሁት። ከዚያ ላፕቶፑን ስጡኝ አልኩና መርማሪው ራሱ ፎቶ እንዲለውጥ፣ ራሱ ቁልፉን እንዲጫን አደረግሁ። በር ከፍቶ ውጭ የቆሙትንም አስገባቸው። አይተው አንድ በአንድ ወጡ።

ልጄ ተፈረደበት። መዶሻ አንድ ዓይኑን አጥቷል፤ ለችሎቱ ይቅር ብዬዋለሁ አላለም፤ ጭራሮን በጥፊ መምታቴን ግን ጻፉልኝ አለ።

አሁንም የክፍል ኃላፊዎችን አስተምራለሁ። ፊታችሁን ወደ ሰው አዙሩ ማለቴንም፣ እውነት ነውና፣ አልተውኩትም። ግን ማንም ስላይዱን ከኔ ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያስኬድ አዳራሽ አይገባም። የሞተ ሰው ካለበት ደግሞ እኔ አብሬው ቆሜ አየዋለሁ።

ባለፈው ልጄን ልጠይቀው ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ የጋሼን ዓይን ነው። ቀጥሎ ያንን የኔን ፎቶ ያስገባሽበትን ስላይድ አጠፋሽው ወይ አለኝ። አጠፋሁት አልኩት። አላጠፋሁትም። ጭብጨባውንና ዝላዩን ብቻ ነው ያወጣሁት፤ «አንረሳህም» የሚለውንም ሰርዤ «ምርጥ ሠራተኛ» የሚለውን መለስኩበት። ቢሮው ጭር ሲል አልፎ አልፎ ከፍቼ አየዋለሁ። ፊቱ ይመጣል፤ ምንም ሳይሰማ ዝም ብሎ ይመጣና እዚያው ይቆያል።